ያልተቆጠረው ክላሽ

ወንድሜን የገደለው ሰው ከእስር ሊፈታ መሆኑን ከእኔ ቀድማ የሰማችው እናቴ ናት። ከጫኖ ወደ አርባ ምንጭ ደወለችልኝ፤ ስለ ሙዙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወንድሜ ልጆች ጉንፋን አወራችኝና ልትዘጋው ስትል፣

«ያ ሰውዬ ሊወጣ ነው አሉ» አለች።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ።»

«እንግዲህ አደራ።»

አደራው ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። በቤቱ የቀረሁት ወንድ ልጅ እኔ ነኝ። የወንድሜ ሬሳ ከቤት ሳይወጣ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ባለበት፣ ይህ ሰው የወጣ ቀን እጄ ላይ ይወድቃል ብዬ ተናግሬ ነበር። ያን ጊዜ ማንም ዝም በል አላለኝም። እናቴ እንኳ አላለችኝም። ሐዘን ላይ የተባለ ነገር ይረሳል ብለው ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም።

ነገሩ የተነሳው በመስኖ ተራ ነው። ጫኖ የሙዝና የማንጎ አገር ነው፤ ውሃው ከወንዝ ተጠልፎ በቦይ ይመጣና ገበሬው በየተራው ወደ ማሳው ይመልሰዋል። የዚያን ቀን ጠዋት ተራው የወንድሜ ነበር። ጎረቤታችን ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ ሰብሮት ተገኘ። ወንድሜ በአካፋ አፈር ሞልቶ መለሰው፤ ሰውየው እንደገና ሰበረው። ተሰዳደቡ፣ ተያያዙ፣ ሰው ገላገላቸው። ጎረቤታችን ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሁሉም ነገሩ አለቀ ብሎ ወደየሥራው ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ክላሹን ይዞ መጣ። አንዴ ተኮሰ። እኔ ስደርስ ወንድሜ ቦዩ ዳር በጎኑ ወድቆ ነበር፤ ውሃው ወደ እኛ ማሳ ይፈስ ነበር።

ሰውየው ቤት ውስጥ የነበረው ዱላ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ዛሬ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ይዞ ሙዝ ይቆርጥ ነበር። ይህን ለስንት ሰው እንደተናገርኩ አላውቅም። የሚሰማኝ ሁሉ ራሱን ይነቀንቅና «ምን ይደረግ» ይላል።

ያን ክላሽ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በሬ ሸጦ ነው የገዛው። በአንሶላ ጠቅልሎ ከአልጋው በላይ ይሰቅለዋል፤ ሠርግ ሲኖር ያወርደዋል። አባቱ ምንሽር ነበራቸው፤ አያቱ ደግሞ ውጅግራ ነበራቸው ይባላል። ስለ ብረት ሲያወራ እንደ ዘር ሐረግ ነው የሚቆጥረው። አንድ ጊዜ እኔና ወንድሜ ቤቱ ቦርዴ ልንጠጣ ገብተን አውርዶ አሳየን።

«የሩሲያ ነው» አለ፣ በእጅጌው እየወለወለ።

ወንድሜ ሳቀበት። «ባለፈው የቡልጋሪያ ነው ብለኸን አልነበር?»

«ምን ልዩነት አለው አንተ! በሁለቱም ቋንቋ ያገሳል።»

ሦስታችንም ሳቅን። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቅ ነው። ወንድሜ የሚሞትበትን ዕቃ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ስቆበት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ጫኖ መቀመጥ አልቻልኩም። ትምህርቴን አቋርጬ አርባ ምንጭ ገባሁና ሲቀላ የሚባለው ሰፈር አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተቀጠርኩ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የሰውን ጽሑፍ ስተይብ ነው ዓረፍተ ነገር የት እንደሚሰበር ያየሁት። የተማሪ መመረቂያ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉንም እተይባለሁ። ሰው ሲጠፋ የራሴን እጽፋለሁ። የራሴ ሁሉ ስለ አንድ ሰው ነበር፤ ግጥሞቼ ውስጥ ያልገደልኩበት መንገድ የለም።

አንድ ቀን ከጎጃም የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በቀለም ሊያሳትም መጣ። ቀልደኛ ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊትም እየመጣ ያናግረኛል። ከማሽኑ የወጣው ገጽ ላይ አንድ ቀይ መስመር ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል።

«ምንድን ነው ይሄ? የዝናብ መጠን ነው?» አልኩት።

«ይሄማ ቢዘንብ ማንም አይተርፍም» አለ። «አገራችን ከውጭ ያስገባችው የጦር መሣሪያ ነው። በየዓመቱ።»

እጄ ወረቀቱ ላይ ቆመ። እሱ የመምህሩ ፈተና ከመድረሱ በፊት ልምምድ ያገኘ መስሎት ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስሄደ ያስረዳኝ ጀመር። ይሄ ዝቅ ያለው የንጉሡ ዘመን ነው፤ ያኔ ከአሜሪካ ነው። እዚህ ጋ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ደርግ ነው፤ ከሶቪየት። ይሄ ገደል ደርግ ሲወድቅ ነው፤ ምንም አልገባም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ያለው ጉብታ የድንበሩ ጦርነት። ከዚያ ይወርዳል፣ ትንሽ ይነሳል፣ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሻጮቹም ዕቃውም ተለዋወጡ፤ ሰው የሌለበት አውሮፕላን መጣ።

«ክላሹስ የቱ ጋ ነው?» አልኩት።

«የቱ ክላሽ?»

«ሰው ቤት ያለው።»

«እሱ እዚህ ውስጥ የለም። አኃዙን የሚሰበስቡት የውጭ አገር አጥኚዎች ትልልቁን ብቻ ነው የሚይዙት፤ አውሮፕላን፣ ታንክ፣ መድፍ፣ ሚሳይል። ትንንሽ መሣሪያ አይቆጠርም። ማን ይቆጥረዋል?»

«ትንንሽ» አልኩ።

«አዎ፣ ስሙ ነው። ምነው?»

«ወንድሜ ሜትር ከሰማንያ ነበር።»

ልጁ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፈተ። ፊቴን አይቶ ዘጋው። ሁሉንም ነገርኩት። የሠራውን ወረቀት ጠቅልሎ ቆመና፣ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ይህን ስጽፍ ሰው አልታየኝም» አለ። ጥሩ ልጅ ነው። በመስመሩ ግን አዘንኩበት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኛ በሌለ ሰዓት የማነበው ስለ ጦር መሣሪያ ብቻ ሆነ። ጎጃሜው ተማሪም ያገኘውን ይልክልኛል። ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር እንቅልፍ የሚነሳ ነው። መስመሩ የሚለካው የገባውን እንጂ ያለውን አይደለም። ታንክ ይቃጠላል፣ አውሮፕላን ይዝጋል፤ ክላሽ ግን አያረጅም። ደርግ ወድቆ መስመሩ ገደል ሲገባ ብረቱ አብሮ አልገባም። የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ለዳቦና ለአሮጌ ሱሪ እየለወጠው ወደ ቤቱ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ሰላም በሆነባቸው ዓመታት ክላሹ በየጎጆው እየገባ፣ በየአልጋው በላይ እየተሰቀለ ነበር። ጎረቤታችን የገዛው በደርግ ዘመን ከገባው ከሆነ፣ ወንድሜን የገደለው ብረት ከወንድሜ በዕድሜ ይበልጣል። ወንድሜ ሳይወለድ ነው የተገዛለት።

ቂሜ ሰፋ። በፊት አንድ ሰው ነበር የምጠላው። አሁን ግን አፈሙዙን የበሳውን የፋብሪካ ሠራተኛ ጠላሁ፣ ሳጥኑን የጫነውን መርከበኛ ጠላሁ፣ ፊርማውን ያስቀመጠውን ባለሥልጣን ጠላሁ፣ ወደብ ላይ ያወረደውን፣ በሱሪ የለወጠውን፣ ገበያ ያወጣውን። ፊታቸውን አላውቅም፤ ብዙዎቹ ሞተዋል፣ የቀሩትም ጡረታ ላይ ሆነው የልጅ ልጅ ያጫውታሉ። እነሱ ላይ አልደርስም። እጄ የሚደርሰው የመጨረሻው ላይ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሊፈታ ነው።

አንድ ምሽት ከተማው ውስጥ የግጥም ዝግጅት ነበርና መድረክ ወጥቼ ግጥሜን አነበብኩ። እንዲህ የሚል ነበረበት፦

ብረቱን ሳይቆጥሩት፥ በሩን አሳልፈው፣
ሬሳ ይቆጥራሉ፥ ደጄ ተሰልፈው።

ጭብጨባው ብዙ ነበር። ከፊት የተቀመጠች ልጅ በስልኳ ትቀርጸኝ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ጭብጨባው እንደ ስድብ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ወንድሜን ለጭብጨባ የሸጥኩት መሰለኝ። ያኔ ነው በቃል ያልኩትን በእጄ ለማድረግ የወሰንኩት።

ሰውየው የተፈታ ቀን ጫኖ ሄጄ መኪና የሚቆምበት ቦታ ቆምኩ። ሙዝ የምንቆርጥበትን ገጀራ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዣለሁ። ዙሪያዬ ሴቶች ማንጎ ይሸጣሉ። አንዷ ታውቀኛለች፤

«ለምን ትቆማለህ ልጄ? ና ተቀመጥ። ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ዘመድ» አልኳት።

ሽማግሌዎቹ ግን ቀድመውኛል። በእኛ ደንብ ገዳይ ሳይታረቅ ከሟች ወገን ጋር በአንድ መንደር አይውልም፤ ዘመድ ዘንድ ይሸሸጋል። ከአርባ ምንጭ እስር ቤት በር ላይ ተቀብለው ከጫኖ ወዲያ ምዕራብ ዓባያ ያሉ ዘመዶቹ ዘንድ ሊወስዱት ተስማምተዋል። እሱን የያዘው ሚኒባስ እኔ ከቆምኩበት ፊት ለፊት ሳይቆም አለፈ። ከኋላ መስኮት አንድ ጎንበስ ያለ ራስ አየሁ፤ ሸብቷል። ገጀራዬን እንደያዝኩ አቧራው ላይ ቀረሁ። ማንጎ ሻጯ፣

«ዘመድህ አልመጣም?» አለችኝ።

«አለፈኝ።»

«ነገ ይመጣል» አለችና አንድ ማንጎ ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ በላሁት።

ከሳምንታት በኋላ አስታራቂው ሽማግሌ ሲቀላ ድረስ መጡ። ከደጋው የወረዱ፣ ጥርሳቸው የጎደለ፣ ንግግራቸው ሁሉ ጨዋታ የሆነ ሰው ናቸው። አማርኛን ኋላ የተማሩት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወንዱን ሴት ያደርጉታል። ፎቶ ኮፒው ላይ እጃቸውን ጭነው፣

«ይሄ ሳጥን እኔን ቢገለብጣት ሁለት ትሆናለች?» አሉ።

«አንድ እርስዎ ይበቃሉ አባባ።»

«ይበቃል! ሚስቴም እንደዚህ ነው የምትለው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ መስቀል እየደረሰ ነው።»

የመጡበትን ለመናገር ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ለጋሞ ሰው መስቀል የዘመን መለወጫ ነው፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይሻገረውም። ደም ያለበት ነገር ደግሞ በተራ ይቅርታ አይዘጋም። በሬ ይታረድና ቆዳው መሀሉ ላይ ይቀደዳል፤ ገዳይና የሟች ወንድም ተቃቅፈው በዚያ ቀዳዳ ውስጥ አብረው ያልፋሉ። ከወዲያ ሲወጡ ከአንድ ማኅፀን እንደወጡ ይቆጠራል። ይህ የሚሆነው ዱቡሻ ላይ ነው፤ ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ውሸት የማይነገርበት ሜዳ።

«አልገባም» አልኩ።

«ሞክሪያት እስቲ። በሬዋን እይና እምቢ በይ። እንዲህ ያለ በሬ ቆላ ውስጥ አልታየችም።»

በእናቴ ስለለመኑኝ በማግስቱ አብሬያቸው ሄድኩ። በሬው ጫኖ ዳር በአንድ ሌላ ሽማግሌ ግቢ ታስሯል። እውነትም የሚያምር በሬ ነው፤ ቀይ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቆዳው የሚያበራ። ዞርኩት። ዓይኔ ነገር አይስትም። የገዳዩ ቤተሰብ እሱ ከታሰረ ጀምሮ ሙዙን በእኩል ለሰው እየሰጠ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እያስቀረ የኖረ ነው። ሚስቱ የሽፈራው ቅጠል ለቅማ ገበያ ስታወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

«በምን ገዙት?» አልኩ።

ሽማግሌው ደስ አላቸው። ስለ ልፋታቸው የምጠይቅ መሰላቸው። «አየሽ እንዴት እንደከበዳቸው! ያንን ብረት ሸጠው ነው እኮ።»

«የትኛውን ብረት?»

«ያንን ነዋ። ክላሿን።»

«ክላሹማ ዓባያ ሐይቅ ውስጥ ተጥሏል። ፖሊስም፣ ሚስቱም፣ እሱም ይህንኑ ነው የተናገሩት።»

«እሱማ ለፍርድ ቤት ነው» አሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው።

ለካ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሐይቁን ባየሁ ቁጥር ያ ነገር ከጭቃው ሥር ተኝቷል እያልኩ ትንሽ ትንሽ እጽናና ነበር። ብረቱ ደረቅ ቦታ፣ በአንሶላው ተጠቅልሎ፣ ዘይት እየተቀባ ከርሟል። አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ቤት፣ ሌላ አልጋ በላይ ሄዷል። በገንዘቡ በሬ ተገዝቶልኛል። በዚያ በሬ ቆዳ ውስጥ ገብቼ እንደገና እንድወለድ ነው የሚፈልጉት።

«ማን ገዛው?»

«የካምባ አገር ሰው ነው አሉ። እኔ አላየሁም። ሚስቲቱ ናት በሰው የሸጠችው። ክፉ ነገር ወደ ደግ ነገር ተለወጠ ብላ ነው ልጄ፤ በልቧ ንጹሕ ናት።»

«ክላሹ ካልመጣ ቆዳው ውስጥ አልገባም።»

ሳቃቸው ጠፋ። «ብረት ጎሜ የለውም። ጎሜ የሰው ነው።» ጎሜ የሚሉት ደንብ የጣሰን ሰው የሚከተለውን ርግማን ነው፤ ሰው ይታመምበታል፣ ከብት ይሞትበታል።

«እንዲህ ከሆነማ ካምባ ያለው ሰው ነገ ጎረቤቱን ሲገድልበት ጎሜው የማን ነው? የእርስዎ ነው ወይስ የእኔ? በሬውን የምንበላው እኛ ነን።»

አስታራቂው በሦስተኛው ቀን ሌሎቹን አስከትለው እናቴ ቤት መጡ። ሁሉም አዋቂ፣ ሁሉም ነጭ ፀጉር። እርጥብ ሣር ነቅለው በእጃቸው ይዘው በደጃችን ተንበረከኩ። ይህን እምቢ ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ሰላምታ የሚሰጠው የለም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። እኔም ተንበረከክኩ፤ ሣራቸውን ግን አልተቀበልኩም።

«አባቶቼ፣ ከሰውየው ጋር አልፋለሁ። ቃሌ ነው። ብረቱ ግን ዱቡሻው ላይ ይምጣ።»

ሲሄዱ እናቴ ያወረደችብኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

«ብረት ምን ያደርግልሃል? ልትወስደው ነው? ልትገድልበት ነው?»

«አላውቅም።»

«አታውቅም! አንተ የምትፈልገው ግጥም ነው። እኔ የምፈልገው ልጅ ነው። አንዱን ቀብሬያለሁ፤ አንተን እስር ቤት ስንቅ እያመላለስኩ ልኑር? የወንድምህ ልጆች እኮ በዚያ ቦይ ማለፍ አቁመዋል። የዚያ ቤት ልጆች ባሉበት ለቅሶ አልደርስም፣ እሳት አልጫርም። ሰው መሆን ናፈቀኝ አንተ!»

ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

ገዳዩ ራሱ ነው ካምባ የሄደው። ሽማግሌዎቹ አስምለው ላኩት። የገዛው ሰው መጀመሪያ አልሰጥም ብሎ ነበር አሉ። ወንበዴ አለ፣ ከብቴን በምን ልጠብቅ አለ፤ ጎረቤታችን ክላሹን ሲገዛ ይል የነበረው ይህንኑ ነበር። በመጨረሻ ገዳዩ የሙዝ ማሳውን ለሰውየው አሳልፎ ሰጥቶ ክላሹን አመጣው። ያንን ውሃ የሰበረለትን ማሳ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ዝም ብዬ ደስ አለኝ አልኩ እንጂ፣ የደስታው መጠን ሌላ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

መስቀል ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው ዱቡሻው ላይ ተሰበሰብን። እሱን ከተኩሱ ወዲህ በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። ከስቷል፤ አንገቱ ቀጥኗል። ክላሹን በአንሶላ ሳይሆን በጆንያ ጠቅልሎ ይዞታል። የቀበሌው ሚሊሻ ተቀብሎ ፈታው፣ ጥይት ጎርሶ እንደሆነ አየና፣

«ባዶ ነው» አለ። ለሁሉም ነው የተናገረው፤ የሚያየው ግን እኔን ነበር።

«ስጠኝ» አልኩት።

ሚሊሻው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። አስታራቂው አገጫቸውን ነቀነቁ። ተቀበልኩት። ከባድ ነው። ብረቱ ቀዝቃዛ፣ እንጨቱ በእጅ ላብ የለሰለሰ። በጎኑ ላይ የፋብሪካ ምልክት እንደሚኖር አንብቤያለሁ፤ የትኛው ምልክት የየትኛው አገር እንደሆነ በቃሌ ይዣለሁ። ፈለግሁት። ቦታው ላይ የሞረድ ጭረት ብቻ ነበር። አንድ ሰው፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ፍቆታል። ሩሲያም አይደለም፣ ቡልጋሪያም አይደለም። ከየትም አልመጣም። ስንት ዓመት ሙሉ ስም ልሰጠው ስለፋ የቆየሁት ቂም አድራሻ አጣ፤ ፊቴ የቆመው ይህ ሽበታም ሰው ብቻ ቀረ።

ክላሹን እግሩ ሥር ጣልኩለት።

«ስበረው።»

«ምን?» አለ። ድምፁ ከድሮው አልተለወጠም።

«በእጅህ ስበረው። አሁን።»

ማጉረምረም ተነሳ። አንድ ሽማግሌ፣ «ይሄ ሥርዓታችን ውስጥ የለም» አሉ።

«ክላሽም ሥርዓታችን ውስጥ አልነበረም» አልኩ።

ከቅርብ ቤት መዶሻ መጣ፤ ክላሹ ድንጋይ ላይ ተጋደመ። የመጀመሪያው ምት እንጨቱን ሰነጠቀው። የተቀረው ግን የሚበገር አልሆነም። እንዴት አድርገው እንደሠሩት! መዶሻው ይነጥራል፣ ብረቱ ይጮሃል፣ ሰውየው ያቃስታል። ጠዋት ተጀምሮ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። አንድ ጎልማሳ ሊያግዘው ተነሳ፤

«ተቀመጥ» አልኩት። «እሱ ብቻውን ነው የገደለው።»

መዳፉ ተላጠ። የመዶሻው እጀታ ቀላ። ሚስቱ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች፤

«በቃው እንጂ! እጁን ልትጨርሰው ነው? በምን ሠርቶ ይብላ?»

«እጁን ነው የምፈልገው።»

«አንተ አውሬ ነህ! ማሳውንም ወሰድክ፣ በሬውንም ወሰድክ…»

«ወንድሜን መልሺና ሁሉንም ውሰጂ።»

ተቀመጠች። እናቴ ፊቷን አዙራለች፤ እኔ ግን አልዞርኩም። በእያንዳንዱ ምት ጥርሱን ሲነክስ አየሁት። በአንሶላ ይጠቀልለው የነበረውን፣ በእጅጌው ይወለውለው የነበረውን በገዛ እጁ ሲያደቀው ማየት ጣፈጠኝ። በሬ ሸጦ ገዛው፤ ሰው ገደለበት፤ ፍርድ ቤት ዋሸለት፤ ማሳውን ሰጥቶ መለሰው፤ አሁን ለእኔ ይሰብረዋል። እንዲፈጥን አልፈለግሁም። አፈሙዙ ሲጣመም አንድ ዓይነት ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ፤ ልቅሶ ይሁን ድካም አልለየሁትም። ሚሊሻው ስብርባሪውን በጆንያው ሰብስቦ ወሰደ። ጣቢያ ይገባል አለ፤ የትኛውም ወረቀት ላይ ይጻፍ አይጻፍ አልጠየቅኩም።

ከዚያ በሬው ታረደ። ቆዳው ተገፎ መሀሉ ተቀደደ፤ አራት ሰው አራቱን ጫፍ ይዞ አቆመው። ሸሚዛችንን አወለቅን። አስታራቂው ሣሩን ትከሻችን ላይ አሳረፉና ገፋ ገፋ አደረጉን። ገላው በላብ ርሷል፣ እጁ ወገቤ ላይ ሲያርፍ ደሙ ነካኝ። ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ተቃቅፎ ካልሆነ አያሳልፍም። ቆዳው ሞቃት ነበር። ውስጡ እንደገባን፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ ጆሮዬ ላይ፣

«በቃህ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው እንደ ሰው ጥያቄ ነበር። ሊያሾፍብኝ አልነበረም።

«ካንተ በቃኝ» አልኩት።

ከወዲያ ስንወጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ የእናቴ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር። ከዚያው ሥጋ ቆርሶ በተላጠ እጁ አጎረሰኝ፣ እኔም አጎረስኩት፤ ሥርዓቱ ነው። በማግስቱ የወንድሜ ልጆች በቦዩ ዳር አለፉ። እሱ ማሳ ስለሌለው አሁን የእናቴን ሙዝ በእኩል ይሠራል፤ ስመጣ ቀና ብሎ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ወንድሜ ብዬ መጥራቱን ግን አፌ ገና አልለመደውም፤ እሱም አያስገድደኝም።

በአንድ ሰው ላይ የነበረኝ ቂም ይህ ነው፤ ከፍሎኛል። ምልክቱን የፋቀው፣ ሳጥኑን የጫነው፣ የፈረመው ግን ማናቸውም አልከፈሉኝም። ለእነሱ በሬ የሚያርድ ሽማግሌ የለም፤ ቢመጣም ሣሩን አልቀበልም። ወደ ሲቀላ ተመልሼ ስለ እነሱ መጻፍ ጀምሬያለሁ። አንድ በአንድ እደርስባቸዋለሁ።